ሞተሩን ማን ሰበረው? የናፍጣ መኪና ጉልበት መጨመርና የፋብሪካ ዋስትና

በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡት ትላልቅ የናፍጣ ፒክ አፕ መኪናዎች፣ ማለትም የፎርድ፣ የጄኔራል ሞተርስና የራም ምርቶች፣ ለሞተራቸው በተለምዶ የ5 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና ይዘው ከፋብሪካ ሲወጡ ቆይተዋል። 100,000 ማይል ወደ 160,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሁለቱ ገደቦች ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ያበቃል። በዚሁ አገር ከፋብሪካው ውጪ የተሠሩ የጉልበት መጨመሪያዎችን የሚሸጥ ሰፊ ንግድም አለ። አዲስ መኪና የገዛ ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሞተሩን ኮምፒዩተር ፕሮግራም ማስለወጥ፣ ሰፋ ያለ የጭስ ማውጫ ማስገጠም፣ ካሻውም ቱርቦውን በትልቅ ቱርቦ ማስተካት ይችላል። እንግዲህ ይህ መኪና ዋስትናው ሳያልቅ መንገድ ላይ ቢቆምስ? የሞተሩ ዋጋ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ከፋዩ ማን ይሆናል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት አባባሎች ጎልተው ይሰማሉ። የመጀመሪያው «መኪናውን አንዴ ከነካካኸው ዋስትናው በሙሉ ፈርሷል» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ «ሕግ ስላለ ያሻህን ብታደርግ ፋብሪካው መክፈሉ አይቀርም» የሚል ነው። እኛ ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው እንላለን። ሁለቱም የሚዘሉት አንድ ጥያቄ አለና፤ እርሱም የተሰበረው ዕቃ የተሰበረው በምን ምክንያት ነው የሚለው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህ ነገር ሥሩ የሚገኘው በሜካኒክስ፣ በቴርሞዳይናሚክስና በብረታ ብረት ሳይንስ ውስጥ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ሳይሆን የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎችንም የሚመለከት ነው ብለን እናምናለን።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

የናፍጣ ሞተር በመጀመሪያ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባው አየር ብቻ ነው። ፒስተኑ ይህን አየር በኃይል ሲጨምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሽየስ በላይ ይደርሳል፤ በዚህ ጊዜ የሚረጨው ናፍጣ የካንዴላ ብልጭታ ሳያስፈልገው በራሱ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በዚህ መርህ የሚሠራውን ሞተር በአውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ አስነሥቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ጉልበትን የሚወስነው በዋነኛነት የሚረጨው የናፍጣ መጠን ነው። ናፍጣ ሲበዛ ሙቀትና ግፊት ይበዛል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ናፍጣው በደንብ ይቃጠል ዘንድ ግን በቂ አየር ያስፈልገዋል። አየሩን ጨምቆ የሚያስገባው ቱርቦ ነው፤ ሐሳቡን ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡቺ እ.ኤ.አ. በ1905 በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል።

በዛሬው የናፍጣ መኪና ውስጥ ናፍጣው ከ2,000 ባር ሊያልፍ በሚችል ግፊት ተጠራቅሞ ይቆይና በኤሌክትሪክ በሚከፈቱ ኢንጀክተሮች ይረጫል። መቼ፣ ምን ያህልና ስንት ጊዜ እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ጉልበት ለመጨመር የሚሻ ሰው ሦስት በሮች ተከፍተውለታል። አንደኛው የኮምፒዩተሩን ፕሮግራም መለወጥ ነው። ሁለተኛው ከግፊት መለኪያው የሚመጣውን መልእክት የሚያሳስት ትንሽ ሣጥን መሐል ላይ ማስገባት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግፊቱ ያነሰ መስሎት ይጨምራል። ሦስተኛው ኢንጀክተሩን፣ ቱርቦውን፣ የአየር ማጣሪያውንና የጭስ ማውጫውን የመሳሰሉ ዕቃዎችን መለወጥ ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ስም «ማሻሻያ» ቢባሉም በሞተሩ ላይ የሚያሳድሩት ጫና እኩል አይደለም። የአየር ማጣሪያ መለወጥና የናፍጣውን መጠን በሩብ መጨመር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ፋብሪካው ይህን ጉልበት ለምን ተወው?

አንባቢ እዚህ ላይ «ጉልበቱ በፕሮግራም ብቻ የሚገኝ ከሆነ ፋብሪካው ራሱ ለምን አልወሰደውም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እርግጥ ነው፣ ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ ጉልበቱን ዓመት ከዓመት ከማሳደግ አልቦዘኑም። ኩሚንስ የተባለው ኩባንያ ለዶጅ ፒክ አፕ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር 160 የፈረስ ጉልበትና 542 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። በ2019 ለራም የቀረበው የዚሁ ቤተሰብ ሞተር 400 የፈረስ ጉልበትና 1,356 ኒውተን ሜትር ደረሰ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ለሥራ መኪናዎች፣ የጭነት ሣጥን ወይም ሌላ መሣሪያ ለሚጫንባቸው፣ የቀረበው ተመሳሳይ ሞተር የተሰጠው 360 የፈረስ ጉልበትና 1,085 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ከባድ ጭነት ለሚሸከም መኪና ፋብሪካው ጉልበቱን ቀንሶ ዕድሜን መርጧል። ይህ የፋብሪካው ስስት ሳይሆን የጥንካሬ መጠባበቂያ ይባላል።

መጠባበቂያው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ቀላል ስሌት ያሳየናል። መሐንዲሶች የኩሽኔታን ዕድሜ ሲገምቱ፣ ባለ ኳስ ኩሽኔታ ዕድሜው ከተሸከመው ጫና ሦስተኛ ርቢ ጋር በተቃራኒው እንደሚለዋወጥ አድርገው ያሰላሉ። ጫናው በ26 በመቶ ቢጨምር፣ 1.26 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ወደ 2 ይጠጋልና የሚጠበቀው ዕድሜ በግማሽ ይወርዳል። ጫናው እጥፍ ቢሆን ዕድሜው አንድ ስምንተኛ ይሆናል። ልብ እንበል፤ ኩሽኔታው በዕለቱ አይሰበርም። ባለመኪናው ለወራት «ይኸው ምንም አልሆነም» እያለ ሊነዳ ይችላል። የሚያልቀው ዓይን የማያየው ዕድሜ ነው።

የሙቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሽየስ ይቀልጣል፤ ብዙ ፒስተኖች የሚሠሩበት የአሉሚኒየምና የሲሊከን ቅይጥ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት መቅለጥ ይጀምራል። ፒስተኑን የሚያድነው ከሥሩ የሚረጨው ዘይትና በየዙሩ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ነው። ናፍጣው በዝቶ አየሩ ካልበዛለት፣ በተለይም ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት በሚወጣበት ጊዜ፣ ይህ ሚዛን ይዛባል። ካምቢዮውም ቢሆን ከሞተሩ የሚመጣለትን የመጠምዘዝ ኃይል እስከ ተወሰነ ልክ እንዲሸከም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ በውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች መንሸራተትና መቃጠል ይጀምራሉ።

እንግዲህ ዋስትና ማለት በዚህ መጠባበቂያ ላይ የቆመ የሒሳብ ውል ነው። ፋብሪካው ከሚሸጣቸው መኪናዎች ስንቶቹ በ5 ዓመት ውስጥ እንደሚበላሹ ገምቶ ወጪውን አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። መጠባበቂያውን የወሰደ ሰው የውሉን አንድ እግር አንሥቷል። ጉልበቱ በነፃ የተገኘ ቢመስልም የተከፈለው ከሞተሩ ዕድሜ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ ኮንግረስ ያወጣውና ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ የፈረሙት የዋስትና ሕግ በሁለቱ አመንጪዎቹ፣ በሴናተር ዋረን ማግኑሰንና በምክር ቤት አባሉ ጆን ሞስ ስም ይጠራል። ሕጉ አንድ አምራች በነፃ ካላቀረበ ወይም ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር «የእኔን መለዋወጫ ካልተጠቀምክ ዋስትና የለህም» ብሎ ገዢን እንዳያስገድድ ይከለክላል። ከዚህም የተነሣ ባዕድ ዕቃ መገጠሙ ብቻውን ዋስትናን ማፍረሻ አይሆንም። አምራቹ ላለመክፈል ከፈለገ ጉዳቱን ያደረሰው ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 መኪና፣ ስልክና የጨዋታ መሣሪያ ለሚሸጡ 6 ኩባንያዎች በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ ጽፏል። በ2022 ደግሞ የሞተር ብስክሌት አምራቹን ሃርሊ ዴቪድሰንን በዋስትናው ላይ ያሰፈረውን መሰል ቃል እንዲያነሣ አድርጓል።

ይህ ሕግ ግን ለባለመኪናው የተሰጠ የይለፍ ወረቀት አይደለም። ፕሮግራሙ ያቀለጠውን ፒስተን ፋብሪካው እንዲተካ የሚያስገድድ ቃል በውስጡ የለም። ሁለት ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው የአየር ማጣሪያውን ለውጦ የመስኮቱ ማንሻ ሞተር ቢበላሽበትና ወኪሉ ጋራዥ በማጣሪያው አሳብቦ ቢመልሰው፣ ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሌላው ሰው ደግሞ 100 የፈረስ ጉልበት ጨምሮ፣ ተጎታች እየጎተተ ዳገት ወጥቶ፣ ካምቢዮውን አቃጥሎ «ሕግ አለልኝ» ቢል አቤቱታው በፊዚክስ ፊት አይቆምም። የመጀመሪያው ሰው መስኮቱ ሊጠገንለት ይገባል፤ የሁለተኛው ዋስትናም በሙሉ አይፈርስም፤ ካምቢዮውን ግን ራሱ ይከፍላል። ሕጉ የጠየቀው ጥያቄ ሳይንስ የሚጠይቀው ነው፤ ይኸውም ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት የትኛው ነው የሚል ነው።

የኮምፒዩተሩ ትዝታ

ከባድ የሚሆነው በመስኮትና በካምቢዮ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ብዙ ባለመኪናዎች ወደ ወኪሉ ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት ሣጥኑን ነቅለው፣ የፋብሪካውን ፕሮግራም መልሰው ይጭናሉ። ኮምፒዩተሩ ግን ይህን ያስታውሳል። ስንት ጊዜ ፕሮግራም እንደተጫነበት የሚቆጥር ኮምፒዩተር አለ፤ ሌላው የተመዘገበውን ከፍተኛ የቱርቦ ግፊት ያስቀምጣል። የፕሮግራሙ ማረጋገጫ ቁጥር የሚባልም አለ። ይህ ቁጥር የሚገኘው በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን አኃዞች ሁሉ በአንድ ቀመር በማሳለፍ ነው፤ አንድ ነጋዴ የመዝገቡን ገጽ ደምሮ ግርጌው ላይ እንደሚጽፈው ድምር ሊታይ ይችላል። መሐል ላይ አንድ አኃዝ ቢነካ የመጨረሻው ቁጥር ይለወጣል፤ ፋብሪካው ከሚያውቀው ቁጥር ጋር አልገጥም ይላል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ማስረጃዎችን ለይተን ማየት ይኖርብናል። ቁጥሩ አለመግጠሙ የሚያረጋግጠው ፕሮግራሙ መለወጡን ነው። ሞተሩን የሰበረው እርሱ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ለምሳሌ ከስድስቱ ፒስተኖች አንዱ ብቻ ቀልጦ አምስቱ ጤናማ ሆነው ቢገኙ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በዚያ ሲሊንደር ላይ ያለው ኢንጀክተር ነው፤ አፉ ተበላሽቶ ናፍጣውን በአንድ ቦታ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላልና። ስድስቱም ፒስተኖች አናታቸው ላይ የመጋል ምልክት ካሳዩ ግን ጥርጣሬው ወደ ፕሮግራሙ ያዘነብላል፤ ፕሮግራሙ የሚያዝዘው ሁሉንም ሲሊንደሮች ነውና። ሁለቱ ተደጋግፈው ያደረሱት ጉዳትም ይኖራል። በፋብሪካው ልክ ቢነዳ ለዓመታት ይቆይ የነበረ ደካማ ኢንጀክተር በተጨመረበት ጫና ቶሎ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚፈታው የተሰበረውን ዕቃ በእጁ ይዞ፣ በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ ለክቶ የሚናገር ባለሙያ ነው። ከቆጣሪው ላይ አንድ ቁጥር አንብቦ ደብተሩን የሚዘጋ ሠራተኛ ይህን ሥራ አልሠራም።

ጭሱ የማን ነው?

ከዋስትናው በላይ የሆነ ሌላ ጉዳይም አለ። የጭስ ማጥሪያውን አውጥተው የሚጥሉ ማሻሻያዎች አሉ። በአሜሪካ የናፍጣ መኪናዎች ላይ ከ2007 ወዲህ ጥቀርሻን የሚይዝ ማጣሪያ፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ በዩሪያ ፈሳሽ አማካይነት የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን የሚቀንስ መሣሪያ መገጠም ተለምዷል። እነዚህን መንቀል የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የሚከለክለው ድርጊት ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በኅዳር 2020 ባወጣው ግምት፣ በቀደሙት 10 ዓመታት ገደማ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክ አፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው ተነቅሏል፤ መኪናዎቹ በዕድሜያቸው ከ570,000 ቶን በላይ ተጨማሪ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደ አየር ይለቃሉ። የሞተሩ ዕዳ የባለቤቱ ነው ብንል እንኳ የጭሱን ዕዳ የሚከፍለው በመንገድ ዳር የሚኖረው ሰው ሳንባ ነው። በዚህ ላይ የዋስትና ክርክር ቦታ የለውም፤ ድርጊቱ ሊደረግ አይገባም።

ሆኖም ጣታችንን በባለመኪናው ላይ ብቻ አንቀስርም። የፎልክስቫገን ኩባንያ በምርመራ ጊዜ ብቻ ጭሱን የሚቀንስ ስውር ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በ11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ውስጥ መጫኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጋልጧል። ኩሚንስም ከ2013 እስከ 2019 በተሠሩ የራም መኪናዎች ሞተር ላይ በቀረበበት ተመሳሳይ ክስ፣ ጥፋተኛነቱን ባያምንም፣ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል በታኅሣሥ 2023 ተስማምቷል። «ፕሮግራሜን አትንኩ» የሚል አምራች የራሱ ፕሮግራም ንጹሕ መሆኑን የማስመስከር ግዴታ አለበት።

ምን ይደረግ እንላለን?

ለባለመኪናው የምንለው ግልጽ ነው። ጉልበት መጨመር መብቱ ነው፤ የጨመረው ጉልበት የሚያስከትለውን ዕዳም አብሮ ይቀበል። ፕሮግራሙን መልሶ ጭኖ፣ «እኔ ምንም አልነካሁም» ብሎ መሄድ ማታለል ነው። የማታለሉ ወጪ በፋብሪካው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ውሎ አድሮ በሚቀጥለው ገዢ ዋጋ ላይ ይጨመራል። ከዚህም በላይ እውነተኛ የፋብሪካ ጉድለት የገጠመው ሰው እንዳይታመን ያደርገዋል።

ለአምራቹና ለወኪሉ ጋራዥ የምንለው ደግሞ እምቢታውን በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ ነው። የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው ጫና፣ በምን ምልክት ተለይቶ እንደተሰበረ ይጻፍ። የተሰበረው ዕቃም ሳይጣል ይቀመጥ፤ ባለመኪናው በገለልተኛ ባለሙያ ሊያስመረምረው ይችላልና። የማስረዳት ሸክም በሕግ የአምራቹ ቢሆንም፣ መኪናው በግቢው ቆሞ ሥራው የተቋረጠበት ሰው በተግባር ሸክሙን ራሱ ተሸክሞ ይገኛል። የዋስትና ሕጉ ለረታ ከሳሽ የጠበቃ ወጪ እንዲከፈል ሊያስወስን መቻሉ መልካም ነው፤ ክርክሩ ከፍርድ ቤት በፊት በምርመራ ጠረጴዛ ላይ ቢያልቅ ግን ይበልጥ ይሻላል። ጥፋቱ የሁለቱም ሆኖ ሲገኝ ወጪውን መከፋፈል ለምን አይለመድም?

ማሻሻያውን የሚሸጠውም ዝም ሊል አይገባም። ምርቱ ለሞተሩ አይጎዳም ብሎ የሚያስተዋውቅ ድርጅት ቃሉን በራሱ ዋስትና ያጽናው። እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፤ የማያደርጉትን ግን ገዢው «የማትከፍሉበትን ነገር ለምን አረጋገጣችሁልኝ?» ብሎ ቢጠይቅ ይገባዋል።

እኛስ?

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖራል። በአሜሪካ በጭነት መኪና ሥራ የተሰማሩት ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካቸዋል። በአገራችን ደግሞ ብዙው መኪና የገባው አገልግሎት ሰጥቶ ከቆየ በኋላ ስለሆነ የፋብሪካ ዋስትና የሚባል ወረቀት ያለው ባለንብረት ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ቢደነግግም፣ ገዢው ራሱ ካደረሰው ጉዳት የሚያድነው አይደለም።

ፊዚክሱ ግን ያው ነው። «ጉልበት አነሰው» ተብሎ የናፍጣ ፖምፓው ከልክ በላይ የተከፈተ አሮጌ የጭነት መኪና በየመንገዱ እናያለን። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ይላል። ናፍጣው በዝቶ አየሩ ሳይበዛለት ሲቀር ያልተቃጠለው በጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የቀረውም ፒስተኑንና ቴስታታውን ያግላል። እዚህ ጋራዡን የሚከስ፣ ፋብሪካውን የሚጠይቅ የለም። ሞተሩ ሲወርድ ባለንብረቱ ይከፍላል፤ ለምን እንደወረደ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይመረምርም።

ስለዚህ ነገ በጋራዥ፣ በመድን ድርጅት፣ በፍርድ ቤት የባለሙያ ምስክርነት የምትጠየቁት እናንተ የዛሬ ተማሪዎች ናችሁ። የተሰበረ ፒስተን በእጃችሁ ሲገባ፣ ከፋዩን ከመምረጣችሁ በፊት ስብራቱን አንብቡ። ሌሎቹን አምስት ፒስተኖችም አስመጡና እዩ።